አንድ ስም በሦስት ካርድ

ሪጋ ላይ ኅዳር ነው፤ የዳውጋቫ ወንዝ ጠርዙ መርጋት ጀምሯል፤
መስኮቴ ላይ ዝናቡ «በረዶ ልሁን? አልሁን?» እያለ ይዋልላል።
ከፊቴ ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ ካርድ፤
ከበስተኋላዬ የወርክሾፑ ብርድ።
ዘጠኝ ቤተ ክርስቲያን፣ ዘጠኝ ኦርጋን ታሞ፤
ሁሉም ለገና ነው፤ ገና አንድ ነው ደግሞ።

እኛ አራት ነን።
ቪዝማ ወናፍ ትጠግናለች፣ በቆዳ በሙጫ፤
ታሊስ እንጨት ይልጋል ቆሞ፣ አይወድም መቀመጫ፤
እኔ ስልክ እመልሳለሁ፣ በሦስት ቋንቋ ይቅርታ፤
ኦያርስ ግን ይሰማል፦ በቀኝ ጆሮው ብቻ፤ ግራው ከገባ ቆየ ወደ ዝምታ።

ሁለት ሺህ የቆርቆሮ ዋሽንት አንድ በአንድ ይነፋል፣ ያደምጣል፤
በቢላ ጫፍ አፉን ነካ ያደርግና፣ የጠፋው ድምፅ ይመጣል።
ይህን ለማንም አላስተማረም፤ እኔም ጊዜ አልሰጠሁት፤
«ከዚህ ሥራ በኋላ» እያልሁ አሥራ አንድ ዓመት ገፋሁት።

ትናንት ማታ ካርዶቹን ስደረድር፣
ከሐሙስ ቀምቼ ለማክሰኞ ሳበድር፣
አንድ ስም አየሁ፦ ባንድ ቀን በሦስት ከተማ፣
በእኔው እጅ የተጻፈ፤ ባለቤቱ ሳይሰማ።
ሊየፓያ ጠዋት፣ ጼሲስ ቀትር ላይ፣ ኩልዲጋ ምሽት፤
በወናፉ ውስጥ ያለ ነፋስ ካልሆነ፣ ይህን የሚያደርስ የቱ ጉልበት?

ባለ ሁለት እግር ነው፤ ሦስት ዛፍ ሰጠሁት።

ዛሬ ጠዋት ደወልሁ፤ ስልኩን አነሣው የኩልዲጋው ቄስ፤
«ልጆቹ መዝሙር አጥንተዋል፤ ምን ልበላቸው?» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ቀስ።
«ያለ ኦርጋን ይዘምሩ፤ እኛ ለፋሲካ እንመጣለን» ስለው፣
ዝም አለ። ያን ዝምታ የሚቃኝ ሰው የለኝም፤ ያለኝ አንዱ ጼሲስ ነው።

ካርዱን አነሣሁ። ማግኔቱ ጠቅ አለ፤
የጥር ደመወዛችን ግማሹ አብሮት ወረደ፤ ቦታው ባዶ ዋለ።

ባዶ ግን አልተውሁትም። ጻፍሁበት፦ «ቪዝማ፣
ከኦያርስ ጋር፤ ሁለት ሳምንት፤ እስክትሰማ።»

ኦያርስ መጣ። ሊያነበው ሳይሆን ሊያዳምጠው ይመስል
ቀኝ ጆሮውን ወደ ሰሌዳው አዘነበለ፣ እንደሚያባብል።
«ሁለት ሳምንት?»
«ሁለት ሳምንት።»
«አይበቃም» አለ፤
ካፖርቱን ሰቀለ፤
ለቪዝማ ወንበር ሳበና፣ ቢላውን ሳለ።