የዘጠኝና የስድስት ነገር

አምስት መቶ ወረቀት በካርቶን ታጭቆ፣
ከነሐሴ ጀምሮ ከክሩ ሥር ወድቆ፣
«እቴነሽ ሹራብ፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ከወፍጮው ጀርባ»
የሚል፣ ባለ ቀለም፣ ዙሪያውን አበባ።
ያሳተመችልኝ ሶስና ናት፣ የእህቴ ልጅ፤
«አክስቴ፣ ሰው ሳያውቅሽ ልታረጅ?
በቀን አንድ ሰዓት ለማስታወቂያ መድቢ፤
በስልክ ተቀረጪ፤ በየደጁ ግቢ።»

አንድ ሰዓት! እስቲ የቷን?

ውሃው የሚመጣው ሌሊት ነው፣ ከመጣ፤
ጀሪካኔን አንድ በአንድ ስሞላ ፀሐይ ወጣ።
ሲፈን ከኮዬ ፈጬ ታክሲ ስትጠብቅ፣
ብቻዬን ማሽኑን ግራ ቀኝ ስሰብቅ፣
ረፈደ። ማሽኔስ የእጅ ነው፣ ያለ መብራትም አይቆምም፤
ካውያ ካልነካው ግን ኮሌታ አይተኛም።
መብራቱ ሲመለስ ከምሽቱ አራት ነው፤
የቀኑ ዕዳ ከእንቅልፌ ነው የሚከፈለው።
አንዲት እናት ደግሞ አለች፣ የማትቀር ቅዳሜ፣
«እጅጌው አጠረ» የምትል፣ ልጇ በእኔ ተንኮል ያደገ ይመስል፣ ያለ ዕድሜ።
ከዚያ የወረዳው ሰው፣ ከዚያ የሱቅ ኪራይ፣
ከዚያ ክር ፍለጋ መርካቶ፤ ሦስት ታክሲ፣ አቧራ፣ ፀሐይ።

ወረቀቱ ሥራ ያገኘው ደብተሬ ያለቀ ቀን ነው።
የልጅ ደረት ለክቼ የምጽፍበት አጣሁ፤
ካርቶኑን ቀደድኩ። ጀርባው ነጭ፣ ባዶ።
«ደረት ስልሳ ሁለት፣ እጅጌ አርባ፣ ቀይ ዳማ፣ ቀብድ ሦስት መቶ፤
ይህን ይዛችሁ ኑ» ብዬ ሰጠሁ።
ሠላሳው ሄደ፤ ኋላም ሁለት መቶ፤
ማስታወቂያዬ እንዲህ ወጣ፣ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ።

ስልኬ ግን ጭጭ። «ዝም አይነቅዝም» ያለው ሰው
ሱቅ ከፍቶ አያውቅም።

የሚገርመው፣ ሰው ይመጣል።
ከገላን፣ ከአቃቂ፣ አንዷማ ከቢሾፍቱ፤
«ባለቤትሽ ናቸው በስልክ የመሩን፤ እንዴት ያሉ ትሁት!»
ባል? እኔ?
ሲፈን በክር ልቃቂት አፏን ሸፈነች።

በመጋቢት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ካቦርት የለበሰ ጎልማሳ
ከደፉ ላይ ቆመ። «በዳሳ»
አለኝ፤ «የዱከም ሰው ነኝ፣ የመጋዘን ጥበቃ፤
ሌሊት ቆሜ ቀን የምተኛ። የምተኛ የነበርኩ።
ስልሳ ሦስት ሰው ደወለልኝ። ቆጥሬያለሁ።»
ወረቀቴን ከኪሱ አወጣ።
የመጨረሻዋ ዘጠኝ ማተሚያ ቤት ተገልብጣ
ስድስት ሆናለች። ሰባት ወር ሙሉ አላየኋትም።

«መጀመሪያ ‹ተሳስታችኋል› እያልኩ እዘጋ ነበር።
አንዲት ሴት አለቀሰችብኝ፤ ልጇ ሹራብ የለህም ተብሎ
ከትምህርት ቤቱ በር ተመልሶ።
ወረቀቱ ምን ይላል? አንብቢልኝ፣ አልኳት።
‹ከወፍጮው ጀርባ› አለች። እሱ ነው፣ ሂጂ፣ አልኳት።
ከዚያ ወዲህ ለሁሉም እንደዚያው ነው፤
ዋጋም እናገራለሁ፤ ስምንት መቶ። አበዛሁት?»

ሰባት መቶ ነው።
ለዚህ ነዋ የማይከራከሩኝ!

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ቁጥርንስ?
እኔ ያጣኋትን አንዲት ሰዓት
ይህ ሰው ከእንቅልፉ ቆርሶ
ሲከፍልልኝ ከርሟል፣ ሳያውቀኝ፣ ሳላውቀው።

ይቅርታ ልበለው፣ እግዜር ይስጥልኝ? ሜትሩን አነሳሁ።
«ደረት መቶ አራት» ብዬ በወረቀቱ ጀርባ ጻፍኩ፤
የቀብዱን ቦታ ባዶ ተውኩ።
የቀሩትን ዛሬውኑ አርማለሁ አልኩ፤
አንዷን ስድስት ዘጠኝ አደረግሁ፤ ሁለተኛዋን ስጀምር
ሁለት እናቶች ገቡ።

የበዳሳ ስልክ ጮኸ።
አየኝ። ወደ እኔ ዘረጋው።
በአፌ መርፌ፣ በእጄ እጅጌ።
«አንተው አናግራቸው» አልኩት፣ በዓይኔ።