የአባ ዲኮ ትኬት

ጅማ መናኸሪያ፣ ከሌሊቱ አስራ አንድ፣
ጭጋግ ተኝቶበት የአዌቱ መንገድ፣
ትኬት እሸጣለሁ በጠባብ መስኮቴ፤
የወንበር ቁጥር ነው ቋንቋዬም ጸሎቴ።

አባ ዲኮ መጡ፣ ከጅሬን ወርደው፣
የቦንጋ ትኬታቸውን በሁለት ጣት ይዘው።
"እባክሽ መልሽልኝ፤ አልሄድም፣ ልጄ፤
ወፍ ጮኸብኝ ዛሬ፣ በግራ፣ ከደጄ።"

"ወፍ?" አለ ረዳቱ፣ ተማም፣ እየሳቀ፣
"መንጃ ፈቃድ አሁን ወፍ ነው የጠየቀ?"
እኔም ማስታወቂያውን አሳየሁ በጣቴ፦
የተሸጠ ትኬት አይመለስም፤
ለወፍ የሚል አንቀጽ መመሪያው ላይ የለም።

አልተቆጡም፤ ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ፣
ከኋላ ሰልፈኞች እያጉረመረሙ።
"ሶሪት በቀኝ ስትጮህ፣ እንግዳ አለ፣ አንጥፊ፤
ማር መሪ ከጠራችሽ፣ ሰሟን ነፍገሽ አትለፊ፤
ነገ የምትመራሽ ወደ እባብ ጉድጓድ ነው።
ጋጋኖ ከቦዬ እየጮኸች ካለፈች፣
ሰማዩ ጥርት ቢልም፣ ዝናቡን አይታለች።
የዛሬዋን ግን ስሟን አልነግርሽም፤
መንገድ የቆመ ሰው ስሟን አይጠራም።"

እንደሷ ጮኹልኝ፣ ቀስ ብለው፣ በጉሮሮ።
"ይቺማ" አለች ዘነበች፣ ጠራጊዋ፣ "በኛ በዳውሮ
ሙሽራ መጣች ነው የምትለው።"
ሽማግሌው ፈገግ አሉ፦
"ጎጀብን ስትሻገር ቋንቋዋን ትለውጣለች።"

"ታዲያ ለርስዎ ምን አለች? አትሂድ ብላ ከለከለች?"
"ወፍ ምን ቆርጧት ልታዝዝ! ወፍ ትጠይቃለች።
'ቤት ማን አለ?' አለችኝ።
መልሱ ጠፋብኝ።"

እጃቸውን ዘረጉ፣ "በዚህ በኩል" ብለው፤
ከመስታወቱ ወዲህ፣ ያ ጎን የኔ ቀኝ ነው።

ብሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤
ወንበር አስራ ሰባትን አንድ ተማሪ ወሰደው።
አውቶብሱ ቦንጋ በሰላም ገባ፤
ተማም ደውሎ ሳቀብኝ፦ "ወፍሽስ?"
አባ ዲኮን ቤታቸው ምን እንደጠበቃቸው
ማን ይነግረኛል?

ማታ፣ ሂሳብ ዘግቼ፣ አዌቱ ድልድይ ላይ፣
አንዲት ወፍ ጮኸች፣ ሳትታይ፣
አንዴ ብቻ። ከዚያ ዝም።
ግራዬ ይሁን ቀኜ እንጃ፤
ወዴት ዞሬ እንደቆምኩ አላውቅም ነበርና።
"ቤት ማን አለ?"

እጄን ኪሴ ከተትኩ፤
ቁልፌን ዳበስኩት።