ማን ያባርራችኋል?

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፤ አራዳ ተኝቷል፤
የእንየው ሱቅ ብቻ አንድ ዓይኑን ገልጧል።
ብስክሌቴን ገልብጦ፣ ጎማዋን አሹሮ፣
ትንፋሿን ያደምጣል ጆሮውን ቀስሮ።
«ዘመናይ፣ ስሚኝማ፤ ሰንሰለቱ አዲስ ነው፣
ጥርሶቹ ግን የአምና፤ አሁን የሚንጫጩት
እንደ ምራትና አማት እስኪላመዱ ነው።»
ሳቅን። ያኔ ነው እጄ ሳላዝዘው ሄዶ
ትከሻዬን የዳሰሰ፣
አጥንቴ የገጠመበትን ጉብታ፣ እንደ ጠፋ ቁልፍ
ከሹራቤ ሥር ያሰሰ።

አሥራ አንድ ብስክሌት በአይሱዙ ጭነን፣
እንዳይፋጩ ብለን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለን፣
አዘዞን አለፍን፤ ውርጩ ጥርስ ያፋጫል።
ከጭልጋ ወዲያ ግን መንገዱ ቁልቁል ነው፣
ደጋው እንደ ልብስ ይወልቃል፦
አይከል ላይ ጋቢ፣ ከጥምዙ ላይ ሹራብ፣ ከድልድዩ ቆብ፣
ነጋዴ ባሕር ስንደርስ የቀረን ልብስ ላብ።

ነጋዴ ባሕር፤ ባሕር የለው።
ገንዳ ውሃ፤ በበጋ ገንዳውም ውሃውም ስም ብቻ ነው።
ለዚህ በረሃ ስም ያወጡ ሰዎች
ምን ያህል ጠምቷቸው ነበር?

አቶ ባዘዘው፣ የስፖርት መምህሩ፣
ከሰሊጡ ቆረን ላይ መስመር በአመድ አሰመሩ።
የባሕር ዳር ልጆች ማሊያቸው አንድ ዓይነት፣ ሳቃቸው አንድ ዓይነት፤
ደርሶልኝ ከቆላ ድባ የመጣው
ጡብ በሚያመላልስባት ብስክሌት።
ገና ሁለት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ግን
ትናንት ያልገባች፣ እዚሁ ያደረች ትመስላለች።
ከኋላ ቆሜ ሰንሰለቴን «ዝም በይ» አልኳት፤
ክርር፣ ክርር አለች።

ፊሽካ።

ከፊት ያሉትን አቧራ ዋጣቸው፤ ቀጥሎ እኔን።
አሸዋ በጥርሴ መካከል ሲንቀጫቀጭ
«እንኳን አደረሰሽ» አልኩ ለራሴ፤
መስከረም ላይ ሲሉኝ ያላመንኩትን።

ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የግራር እሾህ ድርሻውን ወሰደ፤
ጎማዬ ፍሽሽ እያለ አረጀ፣ ተዋረደ።

ጫኔ ይባላል፤ ከበለሳ የወረደ የቀን ሠራተኛ፣
በሰሊጥ ሂላ ጥላ ሥር የተጋደመ፣ ያልነቃ፣ ያልተኛ።
ሳልለምነው ተነሣ፤ እርጥብ ጆንያ የለበሰ ጀሪካኑን ከፈተ፣
ለጉሮሮው የቆጠባትን ውሃ በሳህን ቀድቶ
ካላማዳሪዬን ነከረባት።
አረፋዋ ብቅ ስትል በአውራ ጣቱ ያዛት፤
ዓሣ እንዳጠመደ ሰው ደስ አለው።
«ስንት ይከፍሏችኋል?»
«ምንም።»
«ላሸነፈስ?»
«ዋንጫ።»
«ምን ሊጠጣበት?»
ዞር ብሎ የራቀውን አቧራ አየ።
«ታዲያ ማን ያባርራችኋል?»

ሙጫው እስኪደርቅ መልስ ፈለግሁ።
ሙጫው ደረቀ።

አህያ ሰበር።
አምና እዚህ ነው፣ ከደረቁ ወንዝ ውስጥ፣
አፈር በአንድ ክንዴ የቀዘፍኩት።
ዘንድሮም ከአፋፉ ስደርስ ጣቶቼ ሁሉ
ፍሬኑ ላይ ተሰበሰቡ፣ ለቅሶ እንደ መጡ ዘመዶች።
አንዱን አነሣሁ። ቀጥሎ ሌላውን።
መሪው በእጄ ነው፤ ማን እንደሚመራ ግን እንጃ።
ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ሰማይ፣ ድንጋይ፣
ከዚያ ማዶ ነበርኩ፤ ጭኔ ብቻ ገና አልደረሰም፣ ይንቀጠቀጣል።

ትንሽ እንደሄድኩ አንድ ነገር ጎደለኝ፤ አደመጥኩ።
ሰንሰለቷ ዝም ብላለች።
ምራትና አማት የት ላይ እንደታረቁ
አላየሁም።

ዘጠነኛ ወጣሁ። አቶ ባዘዘው
ላብ ዓይናቸው ገብቶ «ዘነበች» ብለው መዘገቡኝ፤
ለዚህ አገር ይሻለዋል ብዬ አላረምኳቸውም።

አይሱዙው ሲመልሰን በሂላው አጠገብ አለፍን።
ጫኔ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ጮኸ፤
ሞተሩ ዋጠው።
አይከል ላይ ብርዱ ጀመረን፣
ሹራቤን ስስብ ከማሊያዬ ኪስ
ሰሊጥ ረገፈ፣ እፍኝ የማትሞላ፤
መቼ እንደጨመረልኝ።