የኋላው ግራ ጎማ

ሌሊት ነው የሞተው፤ ድምፅ እንኳ አላሰማ፣
የትራክተሩ እግር፣ የኋላው ግራ ጎማ።
ስነሳ አገኘሁት፣ አል ኸርጅ ሳይነጋጋ፣
እንደ ታመመ በሬ ባንድ ጎኑ ዘሞ ካሸዋ ሲጠጋ።

አቡ ናይፍ መጣ። አልወረደም እንኳ፣ በመስኮት አየና፣
«ወይ ራስህ ሥራው፣ ወይ ባለሙያ ጥራ፤ ሁለቱም ደህና።
ባለሙያ ከጠራህ ግን፣ ሁለት መቶው ሪያል
ካንተው ደሞዝ ይጎድላል።»
ሄደ። አቧራው ቀረ።

እኔም ደረቴን ነፋሁ።
ኮምቦልቻ፣ መንገድ ዳር፣ የጎሚስታ ልጅ ነበርኩኝ፤
የጅቡቲን ተሳቢ ስንቱን የፈታሁኝ!
ከመነዳሪ ለጥፌ ያደግሁ፣ ቸርኬ ቀጥቅጬ፣
ለዚች ሰው ልቅጠር ወይ፣
ሁለት መቶ ሪያል ካናቴ መቀነት ቆርጬ?

ይህ ጎማ ግን ሌላ ነው።
ቁመቱ እኔን ያህላል፤ ውሃ አጠጥተውታል ለካ፣
ሆዱ ሲንቦጫቦጭ ሰማሁት ስነካካ።
ክሪክ አቆምኩበት፤ አሸዋው ክሪኩን ዋጠ፤
የቴምር ግንድ አነጠፍኩ፤ ግንዱም ትንሽ ቆይቶ፣ አመል ሆኖበት፣ ሰመጠ።
ስምንቱ ቡሎን ሲፈታ ፀሐይ አናቴ ላይ ወጣች፤
ፌሮዋ ከጎማው ከንፈር አምልጣ፣
አገጬን በጣት ስፋት ስታ፣ ወደ ሰማይ ነጠረች።

እዚያው ቁጭ አልኩ።
ጎማው ተንፍሷል፤ እኔ ግን አልተነፈስኩም።

ያኔ ነው የመጣብኝ፤ ማነው «ራሴ» የምለው?
ትራክተሩ የሱ፣ አልፋልፋው የሱ፣ ጉልበቴም በወር የሱ ነው።
እኔው ራሴ ቅጥር፣ ደግሞ ሌላ ልቅጠር?
የጥላ ጥላ ልቁጠር?
ራሴ ብሠራው፣ ትርፉን ኪሱ ሊከት፤
ሰው ብቀጥርበት፣ ዕዳው ለኔ ሊቀር፤
ያው ነው በየት ቢዞር የዚህ ጎማ ዙረት።

አገሬ ቢሆን ኖሮ፣ በሬው የታመመበትን ሰው
«ወይ ብቻህን እረስ፣ ወይ ሰው ቅጠር» ማን ይለው?
ሦስተኛ ቃል አለ፤ ወንፈል የሚሉት።
ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የኔ ማሳ፤
ገንዘብ አይነሳ፣ ብድር ግን አይረሳ።
በዐረብኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም፤
አፌ ውስጥ ነበረ፤ ለማንም አልነገርኩም።

እኩለ ቀን ላይ ደወልኩ ለጉል ዘማን፣
ለሰናዒያው ባንቻር፣ ከፔሻዋር ማዶ ለመጣው፣ ጺሙ ሂና ለሆነው ለሽማግሌው።
ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።
ግራ እጁን ዘረጋልኝ፤ ሁለት ጣት የለውም።
«እነዚህን» አለ፣ በተሰባበረ ዐረብኛ፣
«ብቻዬን የፈታሁት ጎማ በላቸው፤
ከዚያ ወዲህ ብቻውን የሚሠራ ሰው፣ ለኔ በሽተኛ።»

ውሃውን አፈሰሰ፣ በቀስታ፣ እንደ ሐኪም።
«ያዝ ያንን ጫፍ፤ ስልህ ተጫን፤ ሳልልህ አትጫንም።»
ተጫንኩ። ተጫነ። ቸርኬው ጮኸ፤ ጎማው ከንፈሩን ለቀቀ፤
ጥፍር የማታህል ሽቦ ወጥታ፣ ድምጿ መዳፌ ላይ ደቀቀ።
ይቺ ናት?
ይቺ ናት።

«ስንት?» አልኩት ሲጨርስ። በጣቶቹ ቆጠረ፣ በቀሩት።
«ሃምሳ ለነዳጁ። ለቀሪው ዓርብ ና፤ የቦቴ ጎማ አለኝ፤
ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝልኝ አጣሁት።
በኛ አገር አሸር ይባላል» አለ፣ ፌሮውን በጨርቅ ሲጠቀልል።
እኔም ጮክ ብዬ፣ «ወንፈል!» አልኩት፤ «ወንፈል!»
«ወንፈር» አለ። ሞፈር ሊለው ምንም አልቀረው።
አላረምኩትም፤ ሁለቱም የእርሻ ነው።

ማታ አቡ ናይፍ፣ «ማን ሠራው?» ብሎ ጠየቀኝ።
«ራሴ» ልል ነበር። «ባለሙያ» ልል ነበር።
ሁለቱም ውሸት መሰለኝ።
«ተሠርቷል» አልኩት።

ዛሬ ዓርብ ነው። በቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ የቦቴው ጎማ ተጋድሞ፣
ጉል ዘማን አንዱን ጫፍ ይዞ፣ አንዱን ለኔ ትቶ፣ ይጠብቀኛል ቆሞ።

የአል ኸርጁ ጎማ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣
ሌሊት ሌሊት ትንሽ ይተነፍሳል አሁንም።
እኔም።