መስህብ ቆጠራ

የቱሪዝም ቢሮው ቅጽ አራት ዓምድ አለው፦
ስም፣ ዕድሜ፣ ከአስፋልት ርቀት፣ የሚከፈለው።
ይህን ይዤ ወጣሁ ማለዳ ማክሰኞ፣
ጫማዬ ላይ አለ የገበያው ጭቃ፣ የትናንቱ ሰኞ።
ጦሳ ጉም ለብሶ ገና አልነቃም ነበር፣
ቦርከናም ከሥሩ የሚሰማ እንጂ የማይታይ ነገር።

አለቃዬ ማታ ሥዕል አሳይቶኛል፤
«በፈረንሳይ አገር አንድ የወንዝ ሸለቆ በእንግዳ ይኖራል፤
ሰባራ ግንቡን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ጀልባውን ሳይቀር ጽፎ፣
ሰሌዳ ተክሎ፣ ቀስት አስሎ፣ የዛፍ ጥላ አንጥፎ።
የኛስ ምን ጎደለው? ሂድና ቁጠረው፣
ከጦሳ እግር አንስተህ ኮምቦልቻ ድልድይ ላይ ጨርሰው።»

አንደኛ፣ አይጠየፍ። አዳራሹን ጻፍኩት፣
ዘበኛው አቶ አሊጋዝ ዕድሜውን ነገረኝ፣ በእርሳስ ሞላሁት።
«ግን» አለ፣ «ያንን ምሰሶ፣ ሦስተኛውን እየው፤
ንብ ገብቶበታል፣ ማር ይንጠባጠባል ፀሐይ ሲመታው።
እንዳናባርረው ስሙ ያዘን» አለኝ፣
«አይጠየፍ ተብሎ ንብ የሚጠየፍ ቤት እስቲ የታል? አሳየኝ።»
«ንብ አለ» ብዬ ጻፍኩ በወረቀቱ ጠርዝ፣
ወንዙን ተከትዬ ወረድኩኝ ቁልቁል፣ ስጠማዘዝ እንደ ወንዝ።

ሁለተኛ፣ ዶሮ መዝለያ። ገደልና ገደል ሊሳሳም ተጠግቶ፣
መሐል ላይ ያፈረ፣ ውሃውን አስገብቶ።
መዲና እዚያ ጫፍ ላይ በቆሎ ትጠብሳለች፣
«እውነት ዶሮ ዘላው ያውቃል?» ብዬ ብጠይቃት ሳቀች።
«የኔዋ ቀይ ዶሮ አንድ ቀን ዘለለች፣
ቤቷ ማዶ ነው አሁን፣ እዚያ ትጥላለች።
እንቁላሉን ይበላል የማዶው ሰውዬ፣
እኔ ግን ጥሬ እልካለሁ፣ ዛሬም የኔ ናት ብዬ።»
ዕድሜ፦ አልታወቀም። የሚከፈለው፦ አንድ በቆሎ፣ አሥራ አምስት ብር።
ጠርዙ ላይ፦ «ቀይ ዶሮ፣ ማዶ፤ ጥሬ እንዳይቀር።»

ሦስተኛ፣ ሐረጎ። ለዕይታ የሚመች አንድ ኩርባ መርጬ፣
ሸለቆውን ቁልቁል ሳየው ተቀምጬ፣
ሙሄ የሚሉት ሰው ከጎኔ አረፈ፣
ድንጋይ እንደ ሕፃን ጉልበቱ ላይ ያቀፈ።
«ፍሬን እምቢ ሲል» አለ፣ «ከጎማው ሥር አኖራታለሁ፣
ሃያ ስድስት ዓመት፣ በዚችው ድንጋይ ብቻ፣ ስንቱን አቁሜያለሁ።»
ያላቆመውን አልጠየቅኩትም። ዓይኑ ግን ወረደ
ቁልቋል ባጠረው የመኪና አጽም ላይ፤ ከዚያ ጥሩንባ ሰማ፣ ድንጋዩን ይዞ ሄደ።
ርቀት ከአስፋልት፦ ዜሮ ሜትር።

ኮምቦልቻ ስደርስ ሙቀቱ ኮቴን አስወለቀኝ፣
ልጆች ከድልድዩ ሥር ይዋኛሉ፤ አንዱ «ጋሼ፣ ጻፈኝ»
አለና ጠለቀ፣ ስሙን ሳይነግረኝ።
ብቅ ሲል ሌላ ቦታ ነው፤ ሳቁ አሳሳተኝ፣
ልጠጋው ስል ከነቅጼ አዳለጠኝ።

ማታ ስዘረጋው የቤርጎ አልጋዬ ላይ፣
ማኅተሙ ፈሷል፣ ሐምራዊ ሆኗል፣ እንደ ምሽት ሰማይ።
የዓምዶቹ መስመር ታጥቦ ስም ከዕድሜ ተቀላቅሏል፣
ዋጋና ርቀት አንድ ኩሬ ሆኗል።
እርሳስ ግን ውሃ አይፈራም፤ ጠርዙ ላይ የጻፍኩት፣
ንቡም፣ ቀይዋም ዶሮ፣ እንዳሉ አገኘኋቸው። የሙሄን ድንጋይ ረስቼው ነበር፤ አሁን ጨመርኩት።

ነገ አለቃዬ «ድምሩ ስንት ነው?» ይለኛል።
እስከዚያ ወረቀቱ መስኮቱ ላይ ይደርቃል፤
ከታች ወንዙ ያልፋል፣
እሱን ሳልጽፈው።