የካሮት ፈረቃ

ሶሃር፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ውጭው ወበቅ ነው፣ ባሕሩም ያልበዋል፤ ውስጡ ብርድና ብረት።
ካሮት በውሃ እየተገፋ በቱቦው አፍ ይገባል፤
«ጥክ» ይላል ማሽኑ። ዓይንሽን ሳትከድኚ ያልቃል።

ሁለት ብረቶች ተፋጠው፣ እንደ ተኳረፉ ጎረቤት፣
መሐላቸው መብረቅ ያልፋል፣ ነጎድጓዱን የቀሙት።

«አንቀቅልም» አለኝ ቫርጊስ፣ ሥራ በጀመርሁ ለት፣
በሰባራ ዓረብኛ፣ መርፌ በሚመስል ጣት፤
«እሳት ቀለሙን ይበላል፣ ሽታውን ይዞት ይሄዳል፤
ይሄ ቆዳዋን ይበሳል እንጂ ቤቷን መች ያፈርሳል?»

ቀዳዳውን አይቼው አላውቅም።
የማየው ጭማቂውን ነው፣ በመስታወቱ ሲወርድ፣ ከጠዋት ፀሐይ ሲቀድም።
ካሮቱም ካለፈ ወዲያ አይሰበርም፤ እንደ ገመድ ይጎብጣል፣
ለስላሳ፣ ታዛዥ፣ ሲጫኑት ያለውን ሁሉ ይሰጣል።

ሻምሳ ከላቦራቶሪ ወርዳ ጠብታውን በጣቷ ትቀምሳለች፤
«ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ደስ ይላል» ብላ ፊርማዋን ታኖራለች።

ከዚህ በፊት መስቀጥ፣ በአንድ ቤት፣ አራት ዓመት ጨምቄያለሁ፤
ሮማን፣ በጨርቅ፣ በእጄ። ጥፍሬ ሥር የቀረውን ቀለም አሁንም አውቀዋለሁ።
«ፍሬው እንዳይደቅ፣ ይመራል» ትለኝ ነበር ከሶፋዋ፤
መራራውን እኔ ዋጥሁት፣ ጣፋጩን ወሰደ ብርጭቆዋ።

ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ቮልቱ ወረደ። ቁጥሩ ቢጫ ሆነ።
ካሮቱ አለፈ፤ ጭማቂው ግን ክር አህሎ መነመነ።
ደግመን ጫንነው። ደረቅ። መጭመቂያው አቃሰተ፤
ቫርጊስ አንዱን አንሥቶ ሰበረው፣ ቋ! ምንም እንዳልተከፈተ።

«መልሶ ዘጋ» አለኝ። «ምቱ ከደከመ ይዘጋል፤
ትንሽ ትደነግጣለች፣ ከዚያ ቀዳዳው ይድናል።
ልኩን ካለፈ ግን፣ ሉባባ፣ በቃ፣ ክፍት ሆኖ ይቀራል።»

ደብተሬ ላይ «ይዘጋል» ብዬ፣ ከሥሩ «እስከ ስንት ቮልት?»
ጥያቄው ስለ ካሮት ነበር።
ቁጥሩን ነገረኝ። ጻፍሁት።

ሲነጋ ያን ስባሪ ካሮት ኪሴ ከትቼ ወጣሁ፤
ሠራተኛ ማመላለሻው ውስጥ፣ መስኮት ጥግ ተቀመጥሁ።
ዓሣ የጫኑ ፒክአፖች ወደ ገበያ ይከንፋሉ፤
ከጎኔ ሁለት ቤንጋሊዎች አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ።

ነከስሁት። ጠንካራ ነው። ጥርሴን ታገለው።
አንዲት ጠብታ አልሰጠም ለማንም።
ሁሉም እውስጡ ነው።