ዙር

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣
ውሃ ሐሙስ ሌሊት ብቻ በሚታይ፣
ኦብሳ ኮድ ይጽፋል፤ እኔ በስክሪኑ
ጥርሴን አሳያለሁ ለዚያ ለለንደኑ።

«ቦቴ የት ደረሰች?» ብሎ ለሚል ደንበኛ
በስልክ የሚመልስ ሠርተናል እኛ፤
ሦስት ሾፌር አለን፣ አራት መቶ ቤት፣
አንድ ጄኔሬተር፣ እሱም የጎረቤት።

«ሐሳቡስ ግሩም ነው» አለ ሰውየው፤
«ዘንድሮ ግን ገንዘብ ናይሮቢ ነው ያለው፤
ካይሮም ሌጎስም አለ። እናንተ ቀጥሉ፤
ዘርማ እንሰጣለን፣ ብቻ ቀድማችሁ ብቀሉ።
በሚቀጥለው ዙር...»
መብራት ሄደ።
ሰውየውም አብሮ ከስክሪኑ ነጎደ።

የኦብሳ አባት ጤፍ ይዘራ የነበር
እዚሁ ነው፣ ከዚህ ሕንፃ ሥር።
ሰማይ አይቶ በተነ እንጂ፣
አፈሩን አላለም «ሪፖርት አምጪ»።

ማታ ከሱቁ ደጅ ዕቁቡ ተጣለ፤
«ነይ፣ ዙሩ ደርሷል» ዳኛው ጋሽ ደግፌ አለ።
ዕጣው ግን ለወይዘሮ ሸዋዬ ወጣ፣
ሁሌ ሰባት ጀሪካን ደርድራ ለምትመጣ።

«ያዢው፤ ሰኞ ብቻ ቦቴዋ እንዳትቀር»
አለችኝ፣ ብሩን እንኳ ሳትቆጥር።
ኦብሳ ከኋላ «ድርሻሽ ስንት?» ይላታል፤
ሦስተኛ ፎቅ ደርሳለች። ጀሪካኑ ይከብዳታል።